የቤትና የቦታ ገበያ ጥናት በወላይታ ሶዶ

የቤትና የቦታ ገበያ ጥናት ቤት፣ የቦታ ይዞታና የኪራይ ክፍል በአንድ አካባቢ በስንት እንደሚተላለፍ፣ ዋጋውም ከሰፈር ሰፈር ለምን እንደሚለያይ በመረጃ የሚመረምር ዘርፍ ነው። መረጃው ከከተማው ጠቅላላ አማካይ ይልቅ መንገድ ለመንገድና ግቢ ለግቢ ሲሰበሰብ የመንገድ ደረጃ ጥናት ይባላል። በወላይታ ሶዶና በወላይታ ዞን ሌሎች ከተሞች ይህ አካሄድ ልዩ ጥቅም አለው። በኢትዮጵያ ሕግ መሬት አይሸጥም። በውል ላይ የሚሰፍረው የቤት ዋጋ በተግባር ከተከፈለው ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። የእያንዳንዱን ሽያጭ ዋጋ ለሕዝብ ክፍት የሚያደርግ መዝገብም የለም። ስለዚህ አጥኚው «ስንት ተሸጠ?» ከማለቱ በፊት «የተሸጠው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ከተማዋና ዞኑ

ወላይታ ሶዶ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የምትገኝ የወላይታ ዞን ዋና ከተማ ናት። ወደ ሻሸመኔ፣ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ አርባ ምንጭና ወደ ሳውላ የሚወስዱ መንገዶች ይገናኙባታል። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ተቋቁሟል። በ2015 ዓ.ም. ከሕዝበ ውሳኔ በኋላ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ከተማዋ ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆናለች።

በ1987 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ 36,287 ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 76,050 ደረሰ። 13 ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከእጥፍ በላይ አድጓል ማለት ነው። በዚያው ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ 1,501,112 ሲሆን፣ ስፋቱ 4,208.64 ካሬ ኪሎ ሜትር በመሆኑ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 357 ያህል ሰው ይኖር ነበር። በከተማ የሚኖረው ከ100 ሰው 12 አይሞላም። ገጠሩ ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረበት በመሆኑ ከተማው ሲሰፋ የሚይዘው ቦታ ባዶ አይደለም። የእንሰት ጓሮ፣ የእርሻ ማሳና የቤተሰብ መኖሪያ ያለበት ነው።

ታሪካዊ መነሻ

ዛሬ በየሰፈሩ የሚታየው የይዞታ ዓይነት የተፈጠረው በየጊዜው በወጡ ሕጎች ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብ ይደነግጋል።

ከአብዮቱ በኋላ በ1967 ዓ.ም. ሁለት ታላላቅ አዋጆች ወጡ። አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን በመንግሥት ይዞታ ሥር አዋለ። አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ አንድ ቤት ብቻ እንዲኖረው፣ የመኖሪያ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። በግል ቤት ማከራየት ተከለከለ። ከተወረሱት ቤቶች የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነው በከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ከዚያ በላይ የሆነው በመንግሥት የኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት እንዲተዳደር ተደረገ። «የቀበሌ ቤት» የሚባለው የመጣው ከዚህ ነው።

በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 80/1986 የሊዝ ሥርዓት ተጀመረ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። በዚያው አንቀጽ ዜጋ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ለሠራው ግንባታ ሙሉ መብት ተሰጥቶታል። የሊዝ ሕጉ በ1994 ዓ.ም. እና በ2004 ዓ.ም. ተሻሽሏል። በ2006 ዓ.ም. የከተማ ቦታ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ወጣ።

በገበያው የሚተላለፈው ምንድን ነው?

በአነጋገር «ቦታ ተሸጠ» ይባላል። በሕግ ግን የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ ከቤቱ ጋር የቦታው የመጠቀም መብት ይተላለፋል። ዋጋው ቤቱን ለመሥራት ከሚያስፈልገው ወጪ በእጅጉ በልጦ ሲገኝ ትርፉ በአብዛኛው የቦታው ነው። አንድ ያረጀ የጭቃ ቤት አስፋልት ዳር ስለሆነ ብቻ ውድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም የሚተላለፈው መብት አንድ ዓይነት አይደለም፦

• ነባር ይዞታ፦ ከሊዝ ሥርዓት በፊት ወይም ከሥርዓቱ ውጭ በሕጋዊ መንገድ የተያዘ ቦታ ነው። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ተቀባዩ ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው። ስለዚህ ሻጩ የያዘውና ገዢው የሚያገኘው መብት አንድ ላይሆን ይችላል።

• የሊዝ ይዞታ፦ በጨረታ ወይም በምደባ የተገኘ ነው። ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት ይሰጣል። ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ ካለ ወደ ገዢው ስለሚተላለፍ ከዋጋው ጋር መታየት አለበት።

• የማኅበር ቤት፦ ሰዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ቦታ ወስደው የሠሩት ነው።

• የቀበሌ ቤት፦ ነዋሪው ተከራይ እንጂ ባለቤት አይደለም። ኪራዩም የገበያ ኪራይ አይደለም።

• ሰነድ አልባ ይዞታ፦ ካርታ የሌለው ነው። በከተማ ዳርቻ ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት በተለምዶ «የጨረቃ ቤት» ይባላል። ዋጋው ዝቅ የሚለው ገዢው የመፍረስ ሥጋትን አብሮ ስለሚገዛ ነው።

እነዚህን ሳይለዩ ዋጋ መሰብሰብ ከባድ ስሕተት ያስከትላል። በአንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ያሉ፣ ስፋታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ግቢዎች አንዱ ካርታ ያለው፣ ሌላው የሌለው ከሆነ የዋጋቸው ልዩነት ስለ መንገዱ ምንም አይናገርም። የሚናገረው ስለ ሰነዱ ነው።

አምስት ዓይነት ዋጋ

በከተማዋ ገበያ ለአንድ ቤት ከአንድ በላይ ዋጋ ሊነገር ይችላል።

የጥሪ ዋጋ ሻጩ ወይም ደላላው መጀመሪያ የሚጠራው ነው። በቃል፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በፌስቡክና በቴሌግራም የሚገኘው ይህ ነው። ለመሰብሰብ ቀላል ቢሆንም የድርድሩን መጨረሻ አያሳይም።

የተከፈለ ዋጋ ሻጭና ገዢ ተስማምተው ገንዘቡ እጅ በእጅ ወይም በባንክ የተላለፈበት ነው። አጥኚው የሚፈልገው በዋናነት ይህን ቢሆንም ከሁሉ ይልቅ የተሸሸገው ይኸው ነው።

የውል ዋጋ በተመዘገበው የሽያጭ ውል ላይ የሰፈረው ነው። የንብረት ስም ሲዛወር 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ ይከፈላል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ደግሞ ከሕንፃ ሽያጭ በተገኘ የዋጋ ዕድገት ጥቅም ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሏል። ሁለቱም በዋጋው ላይ የተመሠረቱ በመሆናቸው ውሉ ላይ አነስ ያለ ገንዘብ ለመጻፍ ምክንያት ይፈጥራሉ።

የግምት ዋጋ ማዘጋጃ ቤት ለቀረጥና ለግብር፣ ባንክ ደግሞ ለብድር ዋስትና የሚያወጣው ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በውሉ ላይ የተጻፈው አንሷል ብሎ ሲያምን በራሱ ግምት ያስከፍላል። የባንክ ግምት ብድሩ ባይመለስ በሐራጅ ሊገኝ የሚችለውን በማሰብ የሚሠራ ስለሆነ ጥንቃቄ ይበዛበታል።

የጨረታ ዋጋ በሊዝ ጨረታ አሸናፊው ለአንድ ካሬ ሜትር ያቀረበው ነው። ከአምስቱ ይፋ የሚሆነው ይህ ብቻ ስለሆነ ብዙ ጊዜ «የከተማው የመሬት ዋጋ» ተብሎ ይጠቀሳል። ነገር ግን እንደ እጅ በእጅ ዋጋ ሊወሰድ አይገባም። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 አሸናፊው የሚለየው በሰጠው ዋጋና በቅድመ ክፍያው መጠን ነው። ቅድመ ክፍያው ከጠቅላላው 10 በመቶ ማነስ የለበትም፤ ቀሪው በዓመታት ይከፈላል። ለማብራሪያ ያህል፦ 200 ካሬ ሜትር ቦታ በካሬ 5,000 ብር ቢወሰድ ጠቅላላው 1,000,000 ብር ይሆናል፤ በ10 በመቶ ቅድመ ክፍያ ግን አሸናፊው መጀመሪያ የሚያወጣው 100,000 ብር ነው። ሌላው በካሬ 4,500 ብር ሰጥቶ 900,000 ብሩን በአንድ ጊዜ ቢከፍል፣ በስም ዝቅ ያለው ዋጋ ለከፋዩ ይበልጥ የከበደ ሊሆን ይችላል።

ከጨረታ ዋጋ ጋር የሚምታታው የሊዝ መነሻ ዋጋ ነው። ይህ አስተዳደሩ ጨረታው የሚጀምርበትን ወለል ለማመልከት የሚያወጣውና ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ መከለስ ያለበት ነው። የገበያ ዋጋ አይደለም።

የመንገድ ደረጃ መረጃ ምንነት

ከተማን መንገድ ለመንገድ መመዝገብ አዲስ አይደለም። ቻርልስ ቡዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የለንደንን ነዋሪዎች የኑሮ ደረጃ በየመንገዱ በቀለም የለየ ካርታ አሳትሟል። እ.ኤ.አ. በ1974 የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ሸርዊን ሮዘን የአንድ ዕቃ ዋጋ የባሕርያቱ ዋጋ ድምር ተደርጎ የሚታይበትን ንድፈ ሐሳብ አቀረበ። በዚህ አስተሳሰብ የቤት ዋጋ በክፍል ብዛት፣ በግቢ ስፋት፣ በግንብ ዓይነት፣ በመንገድ ቅርበትና በመሳሰሉት ተዘርዝሮ ይጠናል። በእንግሊዝና ዌልስ የመሬት መዝገብ ቤት ከ1995 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተከፈሉ የቤት ዋጋዎችን ለሕዝብ ክፍት ስላደረገ እዚያ ያለ አጥኚ ሥራውን የሚጀምረው ከተዘጋጀ መዝገብ ነው። በወላይታ ሶዶ ግን አጥኚው መዝገቡን ራሱ በእግሩ ተዘዋውሮ ይሠራዋል።

ለእያንዳንዱ ግቢ የሚመዘገቡት ዋና ዋና ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው፦

• የመንገዱ ዓይነት፦ አስፋልት፣ ኮብልስቶን፣ ጠጠር ወይም አፈር፤ መኪና ወይም ባጃጅ እስከ በሩ ይደርስ እንደሆነ፤ በክረምት ጭቃው መንገዱን ይዘጋው እንደሆነ።
• የመሬቱ አቀማመጥ፦ ሜዳ ወይም ተዳፋት፣ የጎርፍ መውረጃና ቦይ መኖሩ። ከተማዋ በዳሞታ ግርጌ ስለሆነች ይህ ነጥብ ሊታለፍ አይችልም።
• የግንባታው ዓይነት፦ ጭቃ፣ ብሎኬት ወይም ፎቅ፤ ጣሪያው፣ የግቢው አጥርና ሰርቪስ ቤቶቹ።
• ውኃና መብራት፦ የራስ ቆጣሪ ወይም የጋራ፤ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ።
• ርቀት፦ ከመናኸሪያ፣ ከገበያ፣ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ከሆስፒታልና ከትምህርት ቤት።
• አጠቃቀም፦ መኖሪያ፣ ሱቅ፣ ካፌ፣ መጋዘን ወይም የተቀላቀለ።
• የይዞታው ዓይነትና የሰነዱ ሁኔታ።
• ዋጋው፣ ከአምስቱ የትኛው እንደሆነ፣ የተነገረበት ወር፣ የነገረው ሰው ሻጭ፣ ገዢ፣ ደላላ ወይም ጎረቤት መሆኑ።

የመጨረሻው ነጥብ ካልተመዘገበ የቀረው ሁሉ ትርጉሙን ያጣል።

የመረጃ ምንጮች

የመጀመሪያው ምንጭ የእግር ጉዞ ነው። አጥኚው መንገዱን በክፍል ከፋፍሎ በሁለቱም ወገን ያሉትን ግቢዎች በተራ ይመዘግባል። ሰዎች አንድን ቦታ የሚጠሩት በቤት ቁጥር ሳይሆን በታወቀ ምልክት፣ ለምሳሌ በቤተ ክርስቲያን፣ በሆቴል ወይም በትምህርት ቤት ስም በመሆኑ፣ ከስሙ ጋር የስልክ ጂፒኤስ ነጥብ መያዝ ይጠቅማል።

ሁለተኛው የካርታና የሳተላይት መረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ኦፕን ስትሪት ማፕ ማንም ሰው መንገድና ሕንፃ የሚጨምርበት ነፃ ካርታ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2021 የአፍሪካን ሕንፃዎች ከሳተላይት ምስል የለየ ክፍት መረጃ አውጥቷል። እነዚህ የሕንፃን ጣሪያ ያሳያሉ፤ ስንት ቤተሰብ እንደሚኖርበት፣ ካርታ እንዳለው ወይም የማን እንደሆነ አያሳዩም። የተለያየ ዓመት ምስሎችን ማነጻጸር ግን ከተማው በየትኛው አቅጣጫ እንደሰፋ ይገልጣል።

ሦስተኛው ደላሎች ናቸው። በአንድ ሰፈር የትኛው ቤት ለሽያጭ እንደቀረበና የትኛው እንደተሸጠ ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። ነገር ግን ገቢያቸው ከኮሚሽን ስለሆነ ዋጋን ከፍ አድርጎ መናገር ይጠቅማቸዋል። ስለዚህ ስለ አንድ ሽያጭ ቢያንስ ሁለት የማይገናኙ ሰዎችን መጠየቅ የተለመደ ማጣሪያ ነው።

አራተኛው የመንግሥት መረጃ ነው፦ የሊዝ ጨረታ ማስታወቂያና ውጤት፣ የመነሻ ዋጋ ሠንጠረዥ፣ የከተማው መሪ ፕላን፣ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሚያወጣው የሸማቾች ዋጋ መለኪያ።

የቃለ መጠይቁ ቋንቋም በውጤቱ ላይ ለውጥ ያመጣል። በከተማዋ አማርኛ በሰፊው ቢነገርም በዳርቻ ቀበሌዎች ያሉ አርሶ አደሮችና አረጋውያን ስለ መሬታቸው በወላይትኛ ሲጠየቁ የይዞታውን ታሪክ በተሟላ ሁኔታ ያስረዳሉ።

አሠራርና ስሌት

አማካይና መካከለኛ ዋጋ። በአንድ መንገድ አምስት የኪራይ ክፍሎች በወር 2,000፣ 2,200፣ 2,500፣ 2,800 እና 9,000 ብር ቢከራዩ አማካዩ 3,700 ብር ነው። ከአምስቱ አራቱ ግን ከዚያ በታች ናቸው። በተራ ተደርድረው መሐል ላይ የሚገኘው 2,500 ብር የመንገዱን ኪራይ ይበልጥ ይወክላል። ዘጠኝ ሺው ምናልባት ክፍል ሳይሆን ሱቅ ነው። (እነዚህና በዚህ ክፍል ያሉ ቁጥሮች ለማብራሪያ ብቻ የቀረቡ ናቸው።)

ጥንድ ማነጻጸሪያ። መረጃው ጥቂት ሲሆን ውስብስብ ስሌት ከመሥራት ይልቅ በአንድ ነገር ብቻ የሚለያዩ ሁለት ቤቶችን ማነጻጸር ይሻላል። ካርታ ያላቸው፣ በስፋትና በግንባታ የሚመሳሰሉ ሁለት ቤቶች አንዱ አስፋልት ዳር 3,000,000 ብር፣ ሌላው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ 2,400,000 ብር ቢሸጡ፣ የ600,000 ብሩ ልዩነት የአስፋልቱን ጥቅም ይገምታል፤ ይህም ከውስጠኛው ቤት ዋጋ 25 በመቶ ነው። እንዲህ ያሉ ብዙ ጥንዶች ተሰብስበው ተቀራራቢ ውጤት ከሰጡ ግምቱ ይጸናል።

የዋጋና የኪራይ ንጽጽር። የቤቱ ዋጋ ለዓመት ኪራዩ ሲካፈል ገዢው ገንዘቡን በኪራይ ብቻ ለመመለስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት ያሳያል። 2,400,000 ብር የሚያወጣ ቤት በወር 8,000 ብር ቢከራይ የዓመቱ ኪራይ 96,000 ብር፣ ውጤቱም 25 ዓመት ነው። በአንድ ሰፈር ይህ ቁጥር ከሌላው በጣም ከበለጠ፣ ገዢዎች የሚከፍሉት ለዛሬ ኪራይ ሳይሆን ወደፊት ይመጣል ብለው ለሚጠብቁት መንገድ ወይም መሥሪያ ቤት ሊሆን ይችላል።

ጊዜን ማስተካከል። በተለያየ ዓመት የተሸጡ ቤቶች በብር ቁጥር ብቻ አይነጻጸሩም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በአጭር ጊዜ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የብረት፣ የሲሚንቶና የቆርቆሮ ዋጋ ከምንዛሪ ጋር ስለሚገናኝ ከዚያ ቀን በፊትና በኋላ ያሉ ሽያጮች ተለይተው መታየት አለባቸው።

ወቅትም ግምት ውስጥ ይገባል። በዩኒቨርሲቲው አካባቢ የክፍል ፈላጊ ቁጥር ከትምህርት ዘመን ጋር ይለዋወጣል። መስከረም ላይ የሚውለው የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ የቆጠበውን የሚያወጣበት በዓል ስለሆነ በዚያ ሰሞን የተሰበሰበ መረጃ ብቻውን የዓመቱን ገበያ አይወክልም።

ትናንሽ ከተሞችና የከተማ ዳርቻ

የሶዶ ገበያ ከዞኑ ሌሎች ከተሞች ጋር የተያያዘ ነው። ቦዲቲ በሻሸመኔ መንገድ፣ አረካ በሆሳዕና መንገድ፣ ጠበላ በአርባ ምንጭ መንገድ፣ ገሱባ በሳውላ መንገድ ይገኛሉ። በሶዶ ቤት የተወደደበት ሰው ከእነዚህ በአንዱ ኖሮ መመላለስ ይችል እንደሆነ የሚወስነው የትራንስፖርት ወጪው ነው። ስለዚህ የኪራይ ጥናት የመንገዱን ታሪፍና የጉዞ ሰዓት አብሮ ይመዘግባል።

ከሁሉ የከበደው የጥናት ቦታ የከተማው ዳርቻ ነው። የገጠር መሬት በውርስና በስጦታ ሊተላለፍ፣ ለተወሰነ ጊዜም ሊከራይ ይችላል፤ መሸጥ ግን ክልክል ነው። ይሁንና በኢትዮጵያ ብዙ ከተሞች ዳርቻ ሽያጩ በስጦታ፣ በብድር ወይም በረጅም ኪራይ ውል ስም ተሸፍኖ ይካሄዳል። እንዲህ ያለ ውል ፍርድ ቤት ሲደርስ ገዢው ገንዘቡን፣ ሻጩም መሬቱን የማጣት አደጋ አለባቸው። ዋጋው ዝቅ የሚለውም ስለዚህ ነው።

የጥናቱ ጥቅም

ካሳ። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ የሚከፈለው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይመራል። በመሬቱ ላይ ላለ ቤት ካሳው የሚሰላው ንብረቱን ለመተካት በሚያስፈልገው ወጪ ነው። ከእርሻ መሬቱ በቋሚነት ለሚነሣ አርሶ አደር ተተኪ መሬት ካልተሰጠው የልማት ተነሺ ካሳው መሬቱ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካስገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ ይታሰባል። በዚህ ስሌት ውስጥ የቦታው አቀማመጥ የለም። ያው መሬት ተሸንሽኖ ለጨረታ ሲቀርብ ግን የሚወዳደሩበት በአቀማመጡ ነው። ማሳው ትንሽ በሆነበት እንደ ወላይታ ባለ አካባቢ የዓመት ገቢው ትንሽ ስለሚሆን በሁለቱ ስሌቶች መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል። በየመንገዱ የተመዘገበ የዋጋ መረጃ ይህን ርቀት በቁጥር ለማሳየት ያስችላል።

ግብር። ለአሥርተ ዓመታት በከተሞች የቆየው የቦታ ኪራይና የቤት ግብር በአዋጅ ቁጥር 80/1968 ላይ የተመሠረተ ሲሆን የቤቱ ግብር ከዓመታዊ የኪራይ ግምት ጋር የተያያዘ ነው። በተለምዶ «የጣሪያና ግድግዳ ግብር» ይባላል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። ንብረትን መሠረት ያደረገ ታክስ ፍትሐዊ የሚሆነው ግምቱ ትክክል ሲሆን ነው። የአንድን ሰፈር ዋጋ በአስፋልት ዳር ባሉ ጥቂት ቤቶች መገመት ውስጥ ለውስጥ የሚኖሩ ጡረተኞችንና አነስተኛ ገቢ ያላቸውን ከአቅማቸው በላይ ያስከፍላል።

ኪራይ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የኪራይ ጭማሪ ጣሪያ በሚገባ ለመወሰን በየሰፈሩ በእርግጥ የሚከፈለው ኪራይ መታወቅ አለበት።

ግዢ። ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት በዚያው መንገድ በቅርብ የተሸጡ ሦስት ወይም አራት ቤቶችን፣ የካርታውን ትክክለኛነት፣ የባንክ ወይም የፍርድ ቤት ዕገዳ መኖሩንና ቀሪ የሊዝ ዕዳውን ማጣራት ይጠቅመዋል።

ጉድለቶችና የሥነ ምግባር ጥንቃቄ

የመንገድ ደረጃ ጥናት ያልተሸጡ ቤቶችን በተሸጡት በኩል ብቻ ያያል። በችግር የተሸጠ ቤት፣ በወራሾች ክርክር የተጣደፈ ሽያጭ፣ ለዘመድ በቅናሽ የተላለፈ ንብረት የገበያውን ዋጋ አያሳዩም፤ ተለይተው መመዝገብ አለባቸው። ጥቂት ሽያጭ ባለበት መንገድ አንድ ያልተለመደ ዋጋ ውጤቱን ስለሚያዛባ የተሰበሰበው መረጃ ብዛት ከውጤቱ ጋር አብሮ ይገለጻል።

መረጃው የሰዎችን ቤት የሚመለከት በመሆኑ አያያዙ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ሰነድ አልባ ቤቶችን በትክክለኛ ነጥባቸው የሚያሳይ ካርታ ነዋሪዎቹን ለመፍረስ ወይም ለማስፈራራት ሊያጋልጥ ይችላል። የተከፈለ ዋጋን ከባለቤቱ ስም ጋር ማውጣትም በግብር፣ በቤተሰብ ክርክር ወይም በስርቆት ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ ስም፣ ስልክና የቤት ቁጥር ከዋጋው ተለይተው ይቀመጣሉ። ውጤቱም በግቢ ሳይሆን በመንገድ ክፍል ወይም በመንደር ተጠቃሎ ይወጣል። በዳርቻ ቀበሌዎች አጥኚው የመሬት ልኬት ሠራተኛ ተደርጎ ሊታይ ስለሚችል የመጣበትን ዓላማ፣ የላከውን ተቋምና መረጃው ለምን እንደሚውል አስቀድሞ ማስረዳት፣ መልስ መስጠት ያልፈለገንም ማለፍ የሥራው አካል ነው።